የውርጭ አገር ቃሪያ

እኔ ያደግሁት በርበሬ በሚያስነጥስ አገር ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የሚሉት ከተማ ያኔ ወጀት ይባል ነበር፤ የእናቴ ቤት ከዚያ ወረድ ብሎ ነው። ኅዳር ሲገባ ደጁ ሁሉ በተሰጣ በርበሬ ይቀላል፤ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አላፊ አግዳሚው ያነጥሳል። "ይማርሽ"፣ "ያኑርሽ" ስንባባል ቀኑ ይመሻል። በዚያ ሰፈር ሰው ብቻውን ማነጠስ እንኳ አይችልም ነበር።

የተዳርሁት ግን ከቡሬ በላይ፣ ገብስና ጎመን ብቻ በሚስማማው ደጋ ላይ ነው።

እናቴ በጓሮዋ የማትተክለው አልነበረም። ዱባ አላት፣ ቅል አላት፣ በሶብላ አላት፤ ባጥሩ ጥግ ደግሞ ፊቱን ከፀሐይ ጋር የሚያዞር የሱፍ አበባ ነበራት። ከሁሉ የምትኮራው ግን በበርበሬዋ ነው። ዘሩን ያገኘችው ከእናቷ ነው። የሌላ ሰው በርበሬ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የኛው ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ወፍ አፍ ይቆለመማል። ገበያ ላይ ከሌላው ጋር ቢቀላቀል ለቅማ ትለየዋለች። ለጎረቤት ዘሩን አትሰጥም ነበር፤ ንፍገት ሆኖባት አይደለም፣ ዘር ከቤት ከወጣ በረከቱም ተከትሎት ይወጣል ብላ ስለምታምን ነው። ለልጅ ግን ይሰጣል። የተዳርሁ ለታ ከመቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጠረችልኝና "ካለሽበት ይብቀል፤ ሁሉን ግን ባንድ ጊዜ እንዳትዘሪው" አለችኝ። ብርዱን አላሰበችውም። እኔም አላሰብሁትም።

አማቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። ጓሯቸውም እንደሳቸው ነው፤ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ አሪቲ፣ ሌላ የለም። ለዓይን ተብሎ የተተወው አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር፤ ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቆሟል። በጽጌ ወር አበባውን ለቅመው ለእመቤታችን ይወስዱታል። ከዚያ ውጭ ማንም እንዲነካው አይወዱም፤ ልጃቸው እንኳ ሲያልፍ ጋቢውን ሰብስቦ ነው የሚያልፈው። ቋጠሮዬን ፈትቼ ዘሩን ባሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፦

"እዚህ አገር በርበሬ የሚበቅል ገበያ ላይ ነው" አሉኝ።

ለሙሽራ እንዲህ ይባላል? ውስጤ ቱግ አለ። አፌ ግን "እሽ፣ እመይቴ" አለ። አፌና ውስጤ ሳይስማሙ የኖሩት ከዚያን ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ የሠራ ጊዜ ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ገና አልጠገብሁትም ነበር፤ እንዲያውም ገና አላወቅሁትም ነበር ብል ይሻላል። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ ጎመን ሲቀርብለት ግንድ ግንዱን እንደሚመርጥ፣ ከብቱን ሲጠራ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ይኸን ነው የማውቀው። የቀረውን ተመልሶ ሲመጣ አውቀዋለሁ ብዬ ተውሁት። በሄደ ማግስት አማቴ የሚተኛበትን መደብ በእበት ለቀለቁት፤ ስሙን ግን አላነሡም። እኔም ካላነሡት ብዬ አላነሣሁም። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ከኛ ይልቅ ላሟ ትናገር ነበር።

የመጀመሪያውን በርበሬ የዘራሁት በእናቴ ቀን አቆጣጠር ነው። ዝናቡ ሲቃረብ የችግኝ መደብ አውጥቼ ዘራሁ፤ ሐምሌ ላይ ችግኙን አዛወርሁ፤ ፍጉንም ሳልሰስት አለበስሁት። ደጋ ላይ ክረምት ፀሐይ እንደማይወጣ ማን ይንገረኝ? የሚነግሩኝ ሰው እንኳ ቃል ይቆጥባሉ። ወጀት ላይ ፍሬ በሚለቀምበት ጊዜ የኔው ገና አበባ ነበር። አንድ የኅዳር ጧት ስወጣ ጓሮው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎኝ ነበር፤ አመዳይ ነው። ፀሐይ ሲነካው ቀለጠ፣ በርበሬዬም አብሮት ቀለጠ። ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠለጠለ።

አማቴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እስኪ ይናገሩኝ ብዬ ጠበቅሁ።

"ጎመን ግን ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል" አሉና አንድ እቅፍ ቆርጠው ገቡ።

ያን ቀን ከጓሮው ጥግ ተቀምጬ አለቀስሁ። እናቴን ፈለግሁ። ቢቻለኝ ኖሮ ያንኑ ለት መንገድ እጀምር ነበር፤ ግን የቡሬ መንገድ በምሽጉ በር ነው የሚያልፈው፣ ይለፍ ወረቀት የሌለው አያልፍም። ለሽፍታ ሚስት ደግሞ ወረቀት አይሰጥም፤ አርበኛውን ሽፍታ ነበር የሚሉት። ከበሩ ላይ ከሚፈትሹት ባንዳዎች አንዱ የኛው አገር ልጅ ስለሆነ መልኬን ያውቀዋል። ዱር ለዱር ልሂድ ብል አማቴ ጉልበታቸው አብጦ ውኃ እንኳ መቅዳት አይችሉም፤ ለማን ትቻቸው?

በዚያው በጋ ጣሊያን ከታች ያለውን መንደር አቃጠለው። አንድ ቤት ውስጥ ተሸሽገው የነበሩ ሴቶች አብረው ተቃጠሉ። ከነሱ መሐል አንዲት ከወጀት በኩል የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ ፈረንጅ ሳይመጣ በፊት ምንጭ ላይ እንገናኝ ነበር፣ ስለ አገራችን በርበሬ እናወራ ነበር። የተረፈው ሰው ወደየዘመዱ ተበተነ። የኛ ቤት ከሸንተረሩ ጀርባ ስለሆነ ሳይታይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ወጥቼ የማን ቤት ይጨሳል ብዬ አያለሁ፤ የሚጨስ የለም። እሳት ቢጠፋብን የምንጭርበት ጎረቤት አልነበረንምና አማቴ ፍሙን በአመድ እያዳፈኑ እንደ ልጅ ይጠብቁት ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ጥር ላይ፣ ከሸንተረሩ ማዶ የምትቆም ትንሽ ገበያ እንደገና ቆመች ሲባል ነጭ ሽንኩርት ይዤ ጨው ልለውጥ ሄድሁ። ጨው የሚሸጡት የወጀት ሽማግሌ ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፣ ለእናቴም የሩቅ ዘመድ ናቸው። ነጋዴ በመሆናቸው የይለፍ ወረቀት አላቸው። ቀና ብለው ሲያዩኝ በእጃቸው የያዙት ጨው ወደቀ። አማተቡ። ከዚያ እጃቸውን ሰደዱና ክንዴን ቆነጠጡኝ።

"ምነው አባቴ፣ ምን አደረግሁ?" አልኋቸው።

"ሥጋ መሆንሽን ላይ ብየ ነው። ልጄ፣ እኔ ተዝካርሽን በልቻለሁ።" የወደቀውን ጨው እየለቀሙ፣ እንደ ልማዳቸው ካላሾፉ አይሆንላቸውምና፣ "ጠላው ጥሩ ነበር" አሉ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። መንደሩ ሲቃጠል 'የወጀቷ ሙሽራ ተቃጠለች' የሚል ወሬ ወረደ። የትኛዋ ሙሽራ ብሎ የጠየቀ የለም። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ከእናቴ ደጅ ተሰብስበው አረዷት። እናቴ ጠጉሯን ተላጨች፣ ማቅ ለበሰች፣ ሬሳ በሌለበት ልብሴን መሐል አስቀምጣ አስለቀሰች። በአርባው ተዝካሬን አወጣች። ጓሮዋን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካችውም፤ አረም ወርሶታል አሉኝ።

እኔ በሌለሁበት ሞቼ፣ ሰው አልቅሶልኝ፣ በልቶልኝ፣ ረስቶኝ ኖሯል። ገበያው መሐል ቆሜ ራሴን ዳበስሁ። የሞተ ሰው ጨው ይለውጣል? ከብቸኝነት ሁሉ የባሰው ይኸ ነበር፤ እኔ እናቴን እየናፈቅሁ የምኖረው እሷም ትናፍቀኛለች ብዬ ነው። ለካ እሷ አልቅሳ ጨርሳኛለች።

"ይንገሩልኝ" አልኋቸው። "አለች ይበሉልኝ። ዛሬውኑ።"

ሽማግሌው ሄደው ነገሩልኝ። ግን ሲመለሱ ዓይኔን አላዩኝም። እናቴ አላመነችም። ወንድሜ ወደ ሰሜን ዘምቶ የቀረ ጊዜ፣ ለእናት ክፉ ላለማሰማት ብለው፣ 'ደኅና ነው'፣ 'እመንገድ ላይ ነው'፣ 'ታሟል እንጂ አልሞተም' እያሉ ዓመት ሙሉ አታልለዋታል። ሁሉ ሲያውቅ እሷ ብቻ ሳታውቅ፣ የሞተ ልጇን ስንቅ ስታሰናዳ ከርማለች። ለሽማግሌውም ያለቻቸው ይኸንኑ ነው፦ "ደግሞ አሁን በሴት ልጄ ልትጀምሩኝ? አፍ አላምንም። እርሜን አውጥቻለሁ፣ ተዉኝ።"

እቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኋቸው። ልነግራቸው አስቤ አይደለም፤ ከላሟ ሌላ የነበሩት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ምን ምልክት ብልክ ታምነኛለች እያልሁ ብቻዬን አወራለሁ። የመቀነቴን ቋጠሮ ፈታሁና የቀረኝን ዘር እያየሁ፣ ይኸን ልላክላት፣ ዘሯን ታውቀዋለች አልሁ።

"ዘርማ የሙት ዕቃ ነው" አሉ አማቴ። "ከሬሳዋ ፈቱት ትላለች። ደረቅ በርበሬም ብትልኪ ያው ነው።" ወደ ላሟ ዞሩ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። "እርጥቡን ነው መላክ። ቃሪያ የሆነ እንደሆን ትናንት የቀጠፈው ሰው አለ።"

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ይኸን ያህል ቃል አከታትለው ሲናገሩ አልሰማሁም ነበር።

"ውርጩስ፣ እመይቴ?"

"ተክሉን አንች ታውቂዋለሽ። ብርዱን እኔ አውቀዋለሁ።"

እውነትም ያውቁታል። የካቲት ሲገባ፣ ወጀት ላይ ማንም ዘር ባላሰበበት ወር፣ የተሰበሩ ገንቦዎችን ታች ለቅመን አፈር ሞላንባቸው። ከላሟ ጋጥ አጠገብ አስቀመጥናቸው፤ የላም ትንፋሽ ከእሳት ይሻላል፣ እሳት ያደርቃል አሉኝ። ዘሩ ሲበቅል ጧት ጧት አመዳዩ ከቀለጠ በኋላ እያወጣሁ በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር እደረድራለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሼ አስገባለሁ። ለማጠጣትም ውኃው ከምንጭ እንደመጣ አይሰጠውም፤ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ለብ ሲል ነው። ችግኙ ከፍ ሲል ወደ ሰፋ ስባሪ እንስራ አዛወርነውና በዙሪያው ጥቁር ድንጋይ ደረደርን፤ ድንጋዩ በፀሐይ የሞቀውን ደመና ሲጋርድ ይመልሰዋል። በረዶ ሲመጣ እንቅብ እደፋበታለሁ። እኔ ፍጉን ላብዛ ስል እሳቸው "ይበቃዋል" ይሉኛል፤ ዞር ሲሉ እጨምርለታለሁ። ይኸን ከእናቴ ቤት ጀምሮ አልተውም፤ ያልበላ የሚያፈራ አይመስለኝም።

እናቴ የምታምነው አንድ ነገር ነበር፦ ያበበ ተክል በጣት ከጠቆሙት አበባው ይረግፋል። ለአማቴ ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሪያውን ማሳየት ሲፈልጉ በአገጫቸው ነበር የሚያሳዩኝ። እኔም በአገጬ እመልሳለሁ። ሰው ቢያየን ሁለት ፍየል ነው የሚለን። የሚያየን ግን አልነበረም።

ሐምሌና ነሐሴ ክፉ ነበሩ። ጉሙ ከሸንተረሩ ወርዶ ጓሮው ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ ትወጣ አትወጣ አይታወቅም። የጣታችንን ጥላ እንኳ ሳናሳርፍበት አበባው ረገፈ። ከተክሎቹም እየሻገተ የሞተው ሞቶ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በዚያ ሰሞን አማቴ እንደገና ዝም አሉ፣ ከቀድሞው የባሰ ዝምታ። ቀኑን ሙሉ በዝናብ ጎመን ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ አረም የሌለበትን ሁሉ ይኮተኩታሉ። የቃሪያው ነገር ተስፋ አስቆርጧቸው ነው ብዬ አዘንሁ። ማታ ማታ እንስራዎቹን ተሸክሜ ስገባ ብቻዬን መሆኔ ይሰማኝ ነበር፤ የሚሞቱት ተክሎች ሳይሆኑ እኔው እንደገና የምሞት ይመስለኛል። እናቴ ዳግመኛ አታለቅስልኝም፤ አንዴ ጨርሳለች።

ጳጉሜን ላይ ደመናው ሲሳሳ ፀሐይቱ ወደ ግድግዳው ብቅ ማለት ጀመረች። ግን ረፋድ እስኪሆን የጽጌረዳው ጥላ ተክሎቹ ላይ ይወድቃል። እንስራዎቹን እንዳላርቅ ከግድግዳው ሌላ ሙቀት የሚመልስ የለም። ጽጌረዳው እንቡጥ በእንቡጥ ሆኖ ነበር፤ ጽጌ ሊገባ ነው። ምንም አልተናገርሁም። ስለ እሱ መናገር እንደማይቻል አውቃለሁ።

አንድ ጧት የገጀራ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ አማቴ ጽጌረዳውን ከሥሩ እየቆረጡ ነው። እጃቸው በእሾህ ተቧጥሮ ይደማል። "እመይቴ፣ ለእመቤታችን ምን ሊወስዱ ነው?" አልሁ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

"እሷም እናት ናት" አሉና ቅርንጫፉን እየጎተቱ ሄዱ።

አበባው ከዚያ በኋላ ያዘ። ከትንሿ ተክል ሁለት፣ ከትልቋ አንድ ፍሬ ቀረልን። ፍሬው እንደ ጣት ጫፍ ሆኖ ሳለ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ፦ ቀጥ ብሎ ቢወርድስ? ብርድ አገር በቅሎ የናቴን ቁልማሜ ቢረሳውስ? ቀጥ ያለ ቃሪያማ ቡሬ ገበያ ሞልቷል፣ ለማንም ምልክት አይሆንም። ጧት ከሁሉ በፊት የማየው ጫፉን ነው። ጥቅምት ሲጋመስ አንዱ፣ ወዲያው ሁለተኛውም፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ዞረ። ትናንሽ ናቸው፣ የናቴን ግማሽ አያህሉም፤ ግን ቆልማማ ናቸው። አማቴን ጠርቼ በአገጬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ።

ሽማግሌው ወደ ወጀት የሚመለሱበትን ቀን አስልተን ሁለቱን በዚያው ጧት ቀጠፍናቸው፤ ሦስተኛው ለዘር ይቅር አልን። አማቴ ከነግንዱ፣ ከነአንድ ቅጠሉ እንድቀጥፈው አደረጉ፤ ቅጠል ሲጠወልግ ዕድሜውን ይናገራል አሉ። በራሰ የጎመን ቅጠል ጠቀለልነው። ሽማግሌው በደጃችን ሲያልፉ አማቴ ሰጧቸውና "ከጨው ጋር እንዳታደርገው፣ ውኃውን ይመጥጥበታል" ብለው አስጠነቀቋቸው። ሽማግሌው በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ከደረታቸው ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌውና አማቴ ከበር ላይ ቆመው ዝግ ባለ ድምፅ ትንሽ ተነጋገሩ፤ እኔ ልቤ ከቃሪያው ጋር ሄዷልና አልሰማኋቸውም።

ኅዳር ገባ፣ አመዳዩም እንደ ልማዱ መጣ። ለዘር ያስቀረነው ቀልቶ ስለ ተለቀመ ሁለቱን ተክሎች ማስገባት ትቼ ነበር፤ ጧት ጠቁረው አገኘኋቸው። ዘንድሮ አላለቀስሁም። የማለቅስበትን ነገር እየጠበቅሁ ነበር።

ሽማግሌው የመጡት እኛው ቤት ድረስ ነው፣ ገበያውን ሳይጠብቁ። አማቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይጎነጉናሉ። ሽማግሌው ውኃ ጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እኔን ለማስጨነቅ ይመስል ደግሞ ጠጡ።

"አንዷን የበሩ ባንዳ ወሰደብኝ" አሉ። "እዚያው ነከሳት። እንባው ዱብ ዱብ እስኪል አቃጠለችልኝ፤ እግዜር ይስጣት።"

"ሁለተኛዋስ?"

"ሁለተኛዋን እናትሽ እጅ ላይ አስቀመጥኋት። ዝም ብየ አስቀመጥኋት፣ አለች የለችም አላልሁም። ጫፏን አየች። ግንዷን በጥፍሯ ጫር አድርጋ እርጥብ መሆኑን አየች። ቅጠሏን ዳበሰች። 'መቼ ተቀጠፈች?' አለችኝ። 'ትናንት ጧት' አልኋት። ነከሰቻት። አላመጠች፣ አላመጠች…" ሽማግሌው ራሳቸው እንደሷ አላመጡ። "'ፍግ አብዝታባታለች' አለች። 'ይችን ልጅ ስንት ጊዜ ነገርኋት።' ከዚያ በኋላማ የሚያስቆማት ጠፋ፤ ጎረቤት አዲስ ለቅሶ መስሎት ተሰበሰበ።"

ምን እንደሆንሁ መናገር አልችልም። ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያን ቀን በፊትም ከዚያን ቀን በኋላም ስድብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። እናቴ ማቁን አውልቃለች፤ ዶማ አንሥታ ጓሮዋ ገብታለች። እኔ ሞቼ የነበርሁ ሰው ሕያው ሆኛለሁ።

"አንድ ነገር ግን አስጨንቋታል" አሉ ሽማግሌው። "ተዝካሩ። ቄስ የጸለየበት፣ ድኃ የበላው ተዝካር ለማን ይሁን? የነፍስ አባቷን ጠየቀች። 'ብትሻ የቁም ተዝካሯ ሆኖ ይቆያት፤ ባትሻ ለወደደችው ነፍስ ትስጠው፣ እግዜር ያውቃል' አሏት። እናትሽም 'እሷው ትናገር' ብላ ልካኛለች።"

ደስታው ገና አልበረደልኝም ነበርና ቀለድሁ። "ይቀመጥልኝ፤ የምር ስሞት ድካም ይቀንሳል" አልሁ። ሽማግሌው፣ በማንኛውም ነገር የሚያሾፉት ሰው፣ አልሳቁም። መሬት መሬት አዩ።

አማቴ የሽንኩርቱን ጉንጉን ከጭናቸው ላይ አወረዱት።

"ለኔ ስጭኝ" አሉ።

"ኧረ እመይቴ፣ ለእርስዎማ ገና ነው።"

"ለኔ አይደለም። ለልጄ።"

ወዲያው አልገባኝም። ልጅ ያላቸው አንድ ነው።

"ሐምሌ ላይ ከዱር የመጣ ሰው ነግሮኛል" አሉ፤ ድምፃቸው ስለ ጎመን የሚያወሩ ያህል ነበር። "ማልቀስ አልቻልሁ፤ ለሽፍታ የተለቀሰበትን ቤት ያቃጥሉታል። ተዝካርም ላወጣለት አልቻልሁ። ለአንችም ልነግርሽ አልሆነልኝም። የናትሽ ነገር ሳይለይለት፣ ከወዲያ ሙት ሁነሽ ከወዲህ ደግሞ መበለት ነሽ ልበልሽ? አሁን እናት አለሽ። አሁን ትችይዋለሽ።"

ከሐምሌ ጀምሮ በዝናብ የኮተኮቱትን አረም የሌለበት ጎመን አሰብሁ። ጽጌረዳውን የቆረጡት ካወቁ በኋላ ነው። የልጃቸውን ሞት ይዘው፣ ያለ አንድ የሚያጽናና ሰው፣ ለሌላ ሴት ልጅ ቃሪያ ሲያሞቁ ከርመዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ ስል ከኔ የባሰ ብቸኛ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

"ሰጥቻለሁ፣ እመይቴ" አልኋቸው።

ጮኼ ማልቀስ አልቻልሁም፤ አይቻልም። ራሴን ከጭናቸው ላይ ደፋሁ፣ እሳቸውም ሽንኩርት የሸተተ እጃቸውን ከራሴ ላይ አኖሩ። ሽማግሌው፣ ቄሱ ተዝካሩን ሲያዛውሩ በክርስትና ስሙ መጥራት ስላለባቸው፣ ስሙን ማን ልበላቸው ብለው ጠየቁ። ወደኔ ነበር የዞሩት፤ ሚስቱ እኔ ነኝ። እኔ ግን አላውቀውም ነበር። አማቴ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ነገሯቸው፤ ከዚያ እኔም እንድሰማው ቀስ ብለው ደገሙት። የባሌን የክርስትና ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።